ጠገራ ብር በአርሲ ደጋ፦ ሳንቲም መሰብሰብና ታሪክ መመዝገብ

(በአሰላ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ አንድ የብር ሳንቲም ይመለከታል። ሽማግሌዎቻችን ጠገራ ብር ይሉታል፤ በታሪክ መጻሕፍት የማሪያ ትሬዛ ብር ተብሎ ይጠራል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በአያቶቻችሁ ቤት አይታችሁት ይሆናል፤ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወይም በአንገት ጌጥ ላይ ከጨሌ ጋር ተሰክቶ። ዛሬ ይህ ሳንቲም ከአርሲ ደጋ ቤቶች ቀስ በቀስ እየወጣ ነው። ወይ በደላላ እጅ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ወይ በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ ቀለበትና አምባር ይሆናል።

ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም ጥንታዊ ሳንቲም ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር አለው፤ ስሙን፣ ንጉሡን፣ ዘመኑን በላዩ ላይ ተሸክሞ ይመጣል። ጠገራ ብር ግን ስለ ራሱ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ዓመትም ዕድሜውን አይገልጽም። ስለዚህ የዚህ ሳንቲም ታሪክ ያለው ከሳንቲሙ ይልቅ በሳንቲሙ ዙሪያ ነው፤ በማን እጅ እንደኖረ፣ በምን ምክንያት ከዚያ ቤት እንደደረሰ፣ ለምን እንዳልወጣ። ይህ ሳይመዘገብ ሳንቲሙ ከቤቱ ከወጣ፣ ሰብሳቢው የሚያገኘው ሃያ ስምንት ግራም ብረት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሳንቲሙ አፈጣጠር ጥቂት ልበል። ማሪያ ትሬዛ የኦስትሪያ፣ የሀንጋሪና የቦሄሚያ ገዥ ነበሩ፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 ነው። በሕይወት ሳሉ በምስላቸው የተቀረጸው ትልቁ የብር ሳንቲም በምሥራቅ ሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር ንግድ ላይ ታማኝነትን አትርፎ ነበር። ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላም የምሥራቁ ነጋዴ የለመደውን ፊት መጠየቁን አልተወም። ስለዚህ የኦስትሪያ መንግሥት የመጨረሻውን ዓመት ሳይለውጥ ማተሙን ቀጠለ። በአገሩ ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብነቱ እ.ኤ.አ. በ1858 ሲቀር እንኳ ለውጭ ንግድ መታተሙ አላቋረጠም። ከ1780 ወዲህ የታተመው ቁጥር ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ሁሉም 1780 ይላሉ።

የሳንቲሙ መመዘኛ አልተለወጠም። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ገጹ ንግሥቲቱ የመበለትነት መሸፈኛቸውን እንደለበሱ ይታያሉ፤ በራሳቸው ላይ የዕንቁ ዘውድ፣ በትከሻቸው ላይ የልብስ መያዣ ጌጥ አለ። በሌላው ገጽ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን መፈክር ተቀርጿል። የጠርዙ ጽሑፍ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ብር ለመስረቅ ጠርዙን የሚፍቅ ሰው ፊደሉን ማጥፋቱ ስለማይቀር ሥራው ወዲያው ይታወቅበታል።

በአገራችን ይህ ሳንቲም የተወደደበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እንደ ሞኝነት ተደርጎ በውጭ ተጓዦች ተጽፏል። ገበሬው ምስሉን ወደደ፣ የዕንቁዎቹን ነጥብ ቆጠረ፣ ያረጀውን አልቀበልም አለ እየተባለ ይነገራል። መቁጠሩ እውነት ነው፤ ሞኝነት ግን አልነበረም። ሚዛን በማይገኝበት፣ የብሩን ጥራት የሚፈትን ቤተ ሙከራ በሌለበት ገበያ፣ የዕንቁዎቹ ነጥብ ጎልቶ መታየቱ ሳንቲሙ አለመፋቁንና በአጠቃቀም አለመሳሳቱን ያረጋግጣል። ይህ የጥራት ቁጥጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲዘጋጅ፣ በኢትዮጵያ ለእህልና ለአጋሰስ የሚከፈል ከአራት ሚሊዮን በላይ ጠገራ መፈለግ ነበረበት፤ ጉዳዩም የቪየናን ማተሚያ ቤት ሥራ አብዝቶበታል። የዓለም ኃያል መንግሥት በሀበሻ ገበሬ ምርጫ ተገዝቶ ነበር ማለት ነው።

ሳንቲሙ ከገንዘብነት አልፎ መመዘኛም ሆነ። ወርቅ፣ ዝባድና ሌላም ውድ ዕቃ የሚመዘንበት ወቄት ክብደቱ ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር እኩል ነው። ቋንቋችንም ምስክር ነው፤ ብር ስንል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ማለታችን ነው። በአፋን ኦሮሞ ገንዘብ የሚጠራበት ቀርሺ የሚለው ቃል ደግሞ በዐረቡ ዓለም ገበያ ከሚታወቀው ቂርሽ ከሚለው የሳንቲም ስም ጋር ዝምድና አለው።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ ልምጣ። ጠገራ ወደ አርሲ ደጋ እንዴት ደረሰ?

የአርሲ ኦሮሞ ሀብቱን የሚቆጥረው በከብት ነበር። ጥሎሽም ሆነ የጉማ ካሣ በከብት ይሰላ ነበር። ይህ ማለት ግን ደጋው ከገበያ ተገልሎ ኖሯል ማለት አይደለም። ጨው፣ ጨርቅና ጨሌ በንግድ ይገቡ ነበር፤ ለዚያራ ወደ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚደረገው ጉዞም ሰውንና ዕቃን ከሩቅ ቦታ ያገናኝ ነበር። ጠገራ በእነዚህ መንገዶች አስቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሳንቲሙን ከአማራጭነት ወደ ግዴታነት የለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ከእ.ኤ.አ. 1882 እስከ 1886 አርሲ ከረጅም ተቃውሞና ብዙ ደም ከፈሰሰበት ጦርነት በኋላ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባ። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ሥርዓት የመልከኛ፣ የባላባትና የገባር ሥርዓት ነው። መሬት በቀላድ ተለካ፤ በጋሻ ተቆጠረ። ገባሩ በእህል፣ በማር፣ በጉልበት ይገብር ነበር፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ ብር ይጠየቅ ነበር። ከብት ያለው፣ ብር ግን የሌለው ገበሬ ብር የሚያገኝበት አንድ መንገድ ነበረው፤ ከብቱን፣ ቆዳውን፣ ቅቤውን፣ ገብሱን ገበያ አውጥቶ መሸጥ። በዚህ መንገድ ግብር ገበያን አስፋፋ፤ ገበያውም ጠገራን ወደ ደጋው ሳበ።

መንገዱም በጊዜ ሂደት አጠረ። ሳንቲሙ ከቪየና በትሪየስቴ ወደብ ተጭኖ ወደ ቀይ ባሕር ይመጣ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ በአዋሽ ሸለቆ ሲያልፍ አርሲ ከማዶ ነበረች። ቪየና ውስጥ የታተመ ሳንቲም በጭላሎ ግርጌ ባለ ገበያ ላይ የአንድ በሬ ዋጋ አካል ሆኖ መቆጠሩ ከዚህ በኋላ የዘወትር ነገር ሆነ።

አፄ ምኒልክ በበኩላቸው የራሳቸውን ገንዘብ አስቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1893 አዲስ ገንዘብ መኖሩን አዋጅ አስነገሩ፤ በፓሪስ የታተሙት ሳንቲሞችም 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዘው ወጡ። ክብደታቸው ከጠገራው ጋር እኩል ነበር፤ የብሩም መጠን እንዲያውም በጥቂቱ በልጦ ከሺህ 835 እጅ ነበር። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው በኩል ባንዲራ የያዘ አንበሳ አለባቸው። አላድ፣ ሩብና ተሙን የተባሉ ዝርዝሮችም ነበሯቸው። ይሁንና ገጠሩ የለመደውን ፊት አልተወም። የአገሩ ንጉሠ ነገሥት ምስል ያለበት ገንዘብ ከሩቅ አገር ከሞቱ ንግሥት ምስል ጋር ተወዳድሮ በብዙ ገበያዎች ተሸነፈ። ገንዘብ በአዋጅ ብቻ እንደማይቆም፣ በተጠቃሚው እምነት እንደሚቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የጣሊያን ወረራ ነው። የጠገራን ታሪክ ለሚያጠና ሰው እ.ኤ.አ. 1935 ወሳኝ ዓመት ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የሳንቲሙን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ መንግሥት በስምምነት ወሰደ፤ ሳንቲሙም በሮም መታተም ጀመረ። ወራሪው ያለ ጠገራ እህል መግዛት፣ አጋሰስ መከራየት፣ ሰው መደለል እንደማይችል ያውቅ ነበር። ቪየና ለሌላ ማተም ስላቆመች እንግሊዞች በበኩላቸው ከ1936 ጀምሮ በለንደን ማተም ጀመሩ። በፓሪስና በብራስልስም ታተመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በቦምቤይ ታትሟል። እነዚህ ሁሉ 1780 ይላሉ።

ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ ጠገራውን በሊራ ለመተካት ሞከረ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን በጥርጣሬ አየው፤ ብሩን ደበቀ። በገንቦ ተደርጎ የተቀበረ፣ በግድግዳ ውስጥ የተመረገ ጠገራ የሚነገርበት ዘመን ይህ ነው። ከነፃነት በኋላም ሽግግሩ ወዲያው አልሆነም። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጣ፤ ዛሬም ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ የምንለው ከዚያ ዘመን በወረስነው ስም ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ሲወስን፣ ገበሬው ብር ሲባል የሚያስበው በእጁ የሚመዝነውን ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የሕዝቡን ጥርጣሬ ስለሚያውቅ ከወረቀቱ ጋር ከአሜሪካ በውሰት በተገኘ ብር የተሠራ የሃምሳ ሳንቲም ገንዘብ አወጣ። ጠገራውም ሕጋዊ ገንዘብነቱን አጣ። ወደ ባንክ የገባው ተሰብስቦ ቀረ፤ ያልገባው በየቤቱ ቀረ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በመጻሕፍት የሚገኝ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ጠገራ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ጃፓናዊው አኪኖቡ ኩሮዳ ደግሞ በቀይ ባሕር አካባቢ ጠገራው ከያዘው ብር ዋጋ በላይ ይሸጥ እንደነበረ አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ገበሬውን ከንግዱ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ገንዘብ አልነበረም። እነዚህ ጥናቶች የተመሠረቱት በአብዛኛው በጉምሩክ መዝገብ፣ በቆንስላ ዘገባና በተጓዦች ማስታወሻ ላይ ነው። ወደቡንና ዋና ከተማውን ያሳዩናል። በሌሙና ብልብሎ ወይም በዲገሉና ጢጆ ያለ ገበሬ ጠገራ እንዴት እንዳገኘ፣ ለምን እንዳስቀመጠ፣ መቼ እንዳወጣ ግን ቆንስሉ አልጻፈም። ያንን ሊነግሩን የሚችሉት ቤቱና ሳንቲሙ ናቸው፤ ሁለቱም አብረው ሲገኙ ብቻ።

ሳንቲሙ ምን ሊነግረን ይችላል? ዓመቱ ዝም ቢልም አሠራሩ ዝም አይልም። የሳንቲም አጥኚዎች በልዩ ልዩ ማተሚያ ቤቶች የወጡትን ጠገራዎች የሚለዩት በጥቃቅን ምልክቶች ነው፤ በትከሻ ጌጡ ላይ ባሉት ዕንቁዎች አቀማመጥ፣ በንስሩ የጅራት ላባዎች፣ በፊደሎቹ ቅርጽ፣ በጠርዙ ላይ በቃላቱ መካከል ባሉት ጌጦች። ኦስትሪያዊው ዋልተር ሐፍነር እነዚህን ዓይነቶች በአንድ ትልቅ መዝገብ ሰብስቧቸዋል። ስለዚህ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ያለው ተማሪ ሳንቲሙን ከባለቤቱ እጅ ሳይወስድ የታተመበትን ቦታና ዘመን በግምት ሊወስን ይችላል።

የዚህን ጥቅም በምሳሌ ላሳይ። አንድ ቤተሰብ «ይህ ጠገራ ከቅድመ አያታችን ከምኒልክ ዘመን የመጣ ነው» አለ እንበል። ሳንቲሙ ሲታይ የሮም ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሮም ማተም የጀመረችው በ1935 ስለሆነ ያ ሳንቲም ከወረራው በፊት ደጋው ላይ ሊደርስ አይችልም። ችኩል ተማሪ «ቤተሰቡ ተሳስቷል» ብሎ ይጽፋል። ጠንቃቃው ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ጠገራ ይወጣል፣ ይገባል፤ ከብት ሲሸጥ ይጨመራል፣ ግብር ሲከፈል ይቀነሳል። የቤተሰቡ ትዝታ የተያያዘው ከአንዱ ሳንቲም ጋር ላይሆን ይችላል፤ ከገንቦው ጋር፣ ከማስቀመጥ ልማዱ ጋር ነው። ስለዚህ የቃል ታሪኩም እውነት ነው፣ ሳንቲሙም እውነት ነው፤ ሁለቱ ተገናኝተው ቁጠባ በዚያ ቤት በወረራው ዘመን እንኳ እንዳልተቋረጠ ይነግሩናል። ይህን ዕውቀት ቃሉ ብቻውን አይሰጠንም፤ ሳንቲሙም ብቻውን አይሰጠንም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በብዙ የአገራችን ክፍሎች፣ በኦሮሞ ሴቶችም ዘንድ፣ ጠገራ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት በአንገት ይደረግ ነበር። ሰብሳቢው ገበያ ቀዳዳውን እንደ ጉድለት ይቆጥራል፤ የተበሳ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። ለታሪክ አጥኚ ግን ቀዳዳው የሳንቲሙ ምርጡ ገጽ ነው። ገንዘቡ ከገበያ ወጥቶ የሴቲቱ ሀብት የሆነበትን ቅጽበት ያሳያል። ግብር ሰብሳቢ የማይነካው፣ ባል በቀላሉ የማያወጣው፣ ለክፉ ቀን የሚፈታ ሀብት። ቀዳዳው ከየት በኩል እንደተበሳ እንኳ ትርጉም አለው፤ ከፊቱ በላይ ከተበሳ ንግሥቲቱ ቀጥ ብለው እንዲታዩ ተፈልጎ ነው፤ ሳይመረጥ ከተበሳ ምስሉ ሳይሆን ብሩ ተፈልጎ ነው። የሴቶች ሀብት በጽሑፍ ሰነድ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እዚህ ግን በብር ላይ ተጽፏል።

የቦታና የአብሮነት መረጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማሳየት ከአርሲ ወጥቼ ሁለት የታወቁ ግኝቶችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ስለ ግኝቱ ጽፏል። የኩሻን ወርቅ በዓለም ሙዚየሞች ብርቅ አይደለም። ደብረ ዳሞ ላይ መገኘቱ ግን ከሰሜን ሕንድ እስከ አክሱም የተዘረጋ ግንኙነት መኖሩን የሚመሰክር ሆነ። እያንዳንዱ ሳንቲም ለብቻው በአንድ የአውሮፓ ሱቅ ቢሸጥ ኖሮ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል አይናገርም ነበር።

ሁለተኛው በየመን አል መዳሪባ በተባለ ቦታ የተገኘው ክምችት ነው። በውስጡ 868 የሮማ እና 326 የአክሱም፣ በድምሩ 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ የወርቅ ገንዘብ ያሳተመች አገር መሆኗን ታውቃላችሁ። የአክሱም ሳንቲሞች ግን ዓመት የላቸውም። የሮማ ነገሥታት ዘመን ስለሚታወቅ፣ ከእነርሱ ጋር አብረው የተቀበሩት የአክሱም ሳንቲሞች የነገሥታቱን ተራ ለመመርመር ረዱ። ክምችቱ ሳይበተን በመጠናቱ ዝም ያሉት ሳንቲሞች በጎረቤቶቻቸው አንደበት ተናገሩ። ጠገራም እንዲሁ ነው፤ ዓመቱ የማይጠቅም ስለሆነ ጎረቤቱን እንፈልጋለን። አብሮት ሊራ አለ? የምኒልክ አላድ አለ? የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ? የግብር ደረሰኝ አለ?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊሰማም የሚገባው ነው። «ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ሳንቲሙ ይቀልጥ ነበር» ይባላል። እውነት ነው። የአክሱም ሳንቲሞች ጥናት ለግለሰብ ሰብሳቢዎች ትልቅ ዕዳ አለበት። በጥንቃቄ ያስቀመጡ፣ የመዘኑ፣ ፎቶግራፍ ያነሡ፣ ያላቸውን ለአጥኚ ያሳዩ ሰዎች ባይኖሩ ብዙ ዓይነቶች አይታወቁም ነበር። መሰብሰብ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሳንቲሙን ከታሪኩ መለየት ነው። በሰብሳቢና በነጋዴ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ መጠን አይደለም፤ መዝገብ ነው። ሰብሳቢ የሚያውቀውን ያካፍላል፤ ነጋዴ የመጣበትን ቦታ ይደብቃል።

ሌላውም ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ልጇን ለማሳከም ወይም ለማስተማር ጠገራዋን የምትሸጥ እናት «ቅርስ ነውና አትሽጪ» ብንላት በምን ሥልጣን ነው? ይህ ሳንቲም ከመጀመሪያውም የተቀመጠው ለክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ መውጣቱ የታሪኩ አካል እንጂ የታሪኩ መፍረስ አይደለም። እኛ የምንችለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እውነቱን መንገር ነው። ደላላው አንዳንድ ጊዜ ተራውን ጠገራ ተራ ነው ብሎ ያረክሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ 1780 ስላለ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ ነው ብሎ ለሌላ ገዥ ያስወድዳል። ባለቤቷ ሳንቲሙ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር እንደሚይዝ፣ አብዛኞቹ ጠገራዎች ከ1780 በኋላ የታተሙ መሆናቸውን ካወቀች አትታለልም። ሁለተኛው፣ ሳንቲሙ ከመሄዱ በፊት ታሪኩን መጠየቅ ነው።

ከመሬት ውስጥ የተገኘ ክምችት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ይከለክላል። በ1970 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነትም ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሳንቲሞች በስም ጠርቶ ከባህላዊ ንብረት ይቆጥራል። የቤት መሠረት ሲቆፈር ገንቦ ቢገኝ የመጀመሪያው ሥራ ማቆም ነው፤ ሳንቲሞቹን ለቆፋሪዎች ማካፈል አይደለም። ከተካፈሉ በኋላ የሚሰበሰበው ብር ነው፤ ክምችቱ ግን ዳግመኛ አይገኝም።

ለተማሪዎቼ የማቀርበው ሥራ ቀላልና ርካሽ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ፣ ወደ ሁሩታ፣ ወደ ሳጉሬ፣ ወደ ቦቆጂ፣ ወደ እቴያ ስትሄዱ፣ ቤተሰብ ከፈቀደ ሳንቲሙን በሁለቱም ገጽና በጠርዙ ፎቶግራፍ አንሡ። ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጉ። በወርቅ ቤት ወይም በቤተ ሙከራ ሚዛን መዝኑት፤ ከ28 ግራም በብዙ የራቀ፣ ማግኔት የሚስበው ወይም የጠርዝ ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ለመንገደኛ የተሠራ አስመስሎ ሊሆን ይችላል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በአሸዋ አታጽዱት፤ ጥቁረቱ ጉዳት አይደለም፤ መፈግፈጉ ግን ጥቃቅን ምልክቶቹን ያጠፋል። ቀዳዳውን፣ መፋቁን፣ ብየዳውን ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ጠይቁ፤ ጥያቄውም ባለቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ይሁን። በአፋን ኦሮሞ የተነገረው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ ትርጉሙ በኋላ ይከተል። ከማን ተወረሰ? በምን ተገኘ፤ በከብት ሽያጭ፣ በጥሎሽ፣ በደመወዝ? የት ይቀመጥ ነበር? ማን ያውቅ ነበር? ግብር በብር ስለተከፈለበት ዘመን ምን ይነገራል? መልሱ መራራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ደጋ ብር የግዛትና የግብር ትዝታም ነው። መራራውን አታጣፍጡት፤ የተነገራችሁን ጻፉ። ጽሑፉን ካጠናቀቃችሁ በኋላ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ መልሱ። በቤታቸው ብር መኖሩን ለሌባ የሚጠቁም ስምና አድራሻ ግን በአደባባይ አታውጡ፤ ወረዳውን መጥቀስ ለጥናት ይበቃል።

በዚህ መንገድ ሁለት መቶ ቤቶች ቢመዘገቡ፣ በየትኛው ማተሚያ ቤት የወጣ ጠገራ በየትኛው ወረዳ እንደሚበዛ፣ የወረራው ዘመን ሳንቲም እስከ የት እንደዘለቀ፣ የተበሳው ከየት ጀምሮ እንደሚበረክት ልናይ እንችላለን። ለዚህ ሙዚየም መገንባት፣ ሳንቲም መግዛት ወይም ከማንም እጅ መቀበል አያስፈልግም። ሳንቲሙ ከባለቤቱ ጋር ይቆያል፤ ዕውቀቱ የጋራ ይሆናል። ከእኛ የሚጠበቀው አያቶች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ነው፤ 1937 ዓ.ም.ን በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቪየና ተመሳሳዩን ሳንቲም ዛሬም ለሰብሳቢዎች ታትማለች፤ በፈለግን ጊዜ ልንገዛው እንችላለን። የአርሲን ቤት ትዝታ ግን የሚያትም ማተሚያ ቤት የለም።